የኩፉ ፒራሚድ እንዴት ተቀየሰ? ከዳህሹር ስንጥቅ እስከ ጊዛ ልኬት

ጉዳዩ ባጭሩ

ስለ ጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ምስጢራዊ ዕውቀት ይሄዳል። እዚህ የምናየው ግን እንደ ማንኛውም የግንባታ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹ ከቀደመው ሥራ ምን ችግር ወረሱ፣ ምኑን በምን ለኩ፣ የት ተሳካላቸው፣ የትስ ሳቱ።

ፒራሚዱ ለፈርዖን ኩፉ ተሠርቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ተጠናቀቀ። ዕቅዱ በንጉሣዊ ክንድ 440 ጎን፣ 280 ከፍታ ነበር። ንጉሣዊው ክንድ 52.36 ሴ.ሜ. ገደማ ሲሆን በ7 ጋትና በ28 ጣት ይከፈላል። ስለዚህ ጎኑ 230.4 ሜትር፣ ከፍታው 146.6 ሜትር ይሆናል። ሕንጻው 2.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይ ይዟል።

በ1925 እ.ኤ.አ. የግብፅ መንግሥት የቅየሳ መሥሪያ ቤት የለካው ውጤት ይህ ነው፦

ሰሜን ጎን 230.253 ሜትር
ደቡብ ጎን 230.454 ሜትር
ምሥራቅ ጎን 230.391 ሜትር
ምዕራብ ጎን 230.357 ሜትር

በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት 20 ሴ.ሜ. ነው። ፒራሚዱ ያረፈበት መድረክ ዙሪያው 920 ሜትር ቢያልፍም የከፍታ ልዩነቱ 2 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። አራቱም ጎኖች ከእውነተኛው አቅጣጫ የሳቱት በአማካይ በሦስት ደቂቃ ነው (ደቂቃ የዲግሪ ስድሳኛ ነው)።

ከቁጥሮቹ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሠሪዎቹ ሁሉንም ነገር በእኩል ጥንቃቄ አልሠሩም። የውስጡ ሙሌት ድንጋይ ሻካራ ነው፤ መጠኑ የተለያየ፣ ክፍተቱም በጄሶና በስብርባሪ የተደፈነ ነው። የረድፎቹ ውፍረት እንኳ አንድ ወጥ አይደለም፤ የመጀመሪያው ረድፍ 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን ላይኞቹ ግማሽ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ጥንቃቄው የዋለው ከስር ባለው መድረክና ከውጭ ባለው የሽፋን ድንጋይ ላይ ነው። ሁለት ሚሊዮን የሚያልፍ ድንጋይ በሚሊ ሜትር እንጠርባለን ብለው ቢነሡ ኖሮ ሥራው በንጉሡ ዘመን አያልቅም ነበር።

የተወረሰው ችግር

የኩፉ አባት ስነፍሩ ከጊዛ በስተደቡብ ባለው በዳህሹር ያሠራው የጎበጠው ፒራሚድ የዚህ ጉዳይ መነሻ ነው። ያ ፒራሚድ የቆመው በአለት ላይ ሳይሆን ጠጠርና ጭቃማ ድንጋይ በሆነ መሬት ላይ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ተዳፋት ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር። ድንጋዮቹም እንደ ደረጃማዎቹ ፒራሚዶች ልማድ ወደ ውስጥ አዘንብለው ነው የተደረደሩት።

መሬቱ ሲሰምጥ ውስጡ ተሰነጠቀ። ሠሪዎቹ በዙሪያው ድንጋይ ጨምረው መሠረቱን አሰፉ፤ የታችኛውንም ተዳፋት ወደ 54 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ አወረዱት፤ ይህ ለአንድ ክንድ ከፍታ 5 ጋት ወደ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ስንጥቁ ግን አልቆመም። 47 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ተዳፋቱን በአንድ ጊዜ ወደ 43 ዲግሪ ግድም ቀነሱት፤ ከዚያ በላይ ድንጋዩን አግድም መደርደር ጀመሩ። ውስጡ ያለው አንድ ክፍል ዛሬም በዝግባ ግንዶች ተደግፎ ይታያል።

ቀጥሎ የተሠራው የዳህሹር ቀይ ፒራሚድ ጎኑ 220 ሜትር፣ ከፍታው 105 ሜትር ያህል ሆኖ ከታች እስከ ላይ በ43 ዲግሪ ገደማ ወጣ። አልተሰነጠቀም፤ ግን ዝቅ ያለ ነው። የኩፉ ሠሪዎች እጅ የገባው ልምድ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ድንጋይ አግድም ይደርደር፤ መሬቱ አለት ይሁን። የቀረው ጥያቄ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ መውጣት ይቻላል ወይ የሚለው ነበር።

ጊዛ ላይ የገጠማቸው

የጊዛ አምባ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ነው። የሙሌት ድንጋዩም ከፒራሚዱ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት እዚያው ይፈለጣል። የዳህሹር ዓይነት መስመጥ ስጋት አልነበረም።

የቅየሳ ችግር ግን ነበር። ሠሪዎቹ አምባውን ሙሉ በሙሉ አላስተካከሉትም። መሐል ላይ የነበረውን የተፈጥሮ አለት ጉብታ ሳይነኩ ተዉትና ዙሪያውን ብቻ ጠረቡ፤ ጉብታው በአንዳንድ ቦታ ከመሠረቱ ብዙ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ብዙ ሺህ ሜትር ኩብ ድንጋይ ከመቁረጥና ከመደርደር አድኗቸዋል። ዋጋው ደግሞ ማንም ግንበኛ የሚያውቀው ነው፤ የአንድ ቤት መሠረት ካሬ መሆኑ የሚረጋገጠው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲባጎ ወጥሮ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች በማነጻጸር ነው። እዚህ ሰያፉ 325.8 ሜትር ሲሆን መሐሉ ላይ ኮረብታ ተቀምጦበታል። ቀላሉ ማረጋገጫ ከመጀመሪያው ተዘጋ ማለት ነው።

የስህተቱን ስሜት ለማወቅ ሁለት ቁጥር መያዝ ይበቃል። በ230 ሜትር መስመር ላይ አንድ ደቂቃ መሳት ጫፉ ላይ 6.7 ሴ.ሜ. ያህል ነው። የፒራሚዱ ፊት ከእግሩ መሐል እስከ ጫፉ 186.4 ሜትር ስለሚረዝም፣ ተዳፋቱ በአንድ ደቂቃ ቢዛባ ጫፍ ላይ 5.4 ሴ.ሜ.፣ በአንድ ዲግሪ ቢዛባ ከሦስት ሜትር በላይ ይሆናል። አራት ፊቶች እንዲህ ከተለያዩ ነጥብ ላይ አይገናኙም።

መድረኩን ማስተካከል

ሽፋኑ የሚያርፍበት መድረክ ግማሽ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ጥሩ የኖራ ድንጋይ ጠፍጣፎች የተነጠፈ ነው። ከስሩ ያለው አለት ወጣ ገባ ነው፤ እያንዳንዱ ጠፍጣፋ የሚቀመጥበት ቦታ ለብቻው ተጠርቧል። ልኩ የተጠበቀው የጠፍጣፎቹ የላይ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

በብዛት የሚነገረው ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ውሃ ሞልተው በውሃው ልክ ቆረጡ የሚለው ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ሥራ ላይ ግን ችግሩ ብዙ ነው። አምባው ከዓባይ ሸለቆ 40 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ወርዱና ጥልቀቱ 30 ሴ.ሜ. የሆነ ቦይ ብቻ ከ80 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይጠጣል፤ የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ውሃ ያፈሳል፤ ፀሐይ ያተናል፤ ነፋስ የውሃውን ገጽ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ስለዚህ የበለጠ የሚያሳምነው ቱንቢ ነው።

መሣሪያው ሁለት እኩል እግር ያለው፣ ከአናቱ ቱንቢ የተንጠለጠለበት፣ አግዳሚው ላይ የመሐል ጭረት ያለው እንጨት ነው። ዛሬ የሚታወቀው ናሙና በደይር ኤል መዲና ከአንድ የእጅ ባለሙያ መቃብር የወጣ ሲሆን ከኩፉ ከ1,200 ዓመት በላይ በኋላ የመጣ ነው። አሠራሩ ግን ከገመድና ከእንጨት ሌላ የሚጠይቀው የለም።

የመሣሪያው እግሮች አንድ ሜትር ተራርቀው፣ ቱንቢው ግማሽ ሜትር ወርዶ ቢሆን፣ የገመዱ የግማሽ ሚ.ሜ. ንባብ ስህተት በእግሮቹ መካከል አንድ ሚ.ሜ. የከፍታ ስህተት ይሆናል። አንድ ጎን ለመጨረስ 230 ጊዜ መትከል ያስፈልጋል። እንጨቱ ራሱ የተዛባ ከሆነና ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተቀመጠ፣ እነዚህ ሚሊ ሜትሮች ተደምረው መጨረሻ ላይ 23 ሴ.ሜ. ይሆናሉ። መሣሪያው በየቦታው አንዴ ከተነበበ በኋላ እግሩ ተገልብጦ ዳግም ከተነበበ ግን መዛባቱ በሁለት ተቃራኒ ወገን ስለሚታይ መሐሉ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዓይን ስህተት ነው፤ እሱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሆነ በአንድ ጎን 15 ሚ.ሜ. ገደማ፣ በአራቱም ጎን ዙሮ ሲመለስ 30 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። የተገኘው 2 ሴ.ሜ. ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል፤ ሌላ ምስጢር አያስፈልገውም። ዋናው ነገር ልኬቱን ከተነሳበት ማዕዘን ላይ መልሶ መዝጋትና የታየውን ልዩነት በዙሪያው ማከፋፈል ነው።

ሰሜንን መያዝ

በዚያ ዘመን በሰማዩ ዋልታ ላይ እንደ ዛሬው የሰሜን ኮከብ የሚያበራ ኮከብ አልነበረም። አቅጣጫው የተገኘው ከኮከብ ወይም ከፀሐይ እንቅስቃሴ ነው። በኮከብ ከሆነ፣ በዋልታው ዙሪያ የሚዞር አንድ ኮከብ በተስተካከለ ግንብ ላይ የሚወጣበትና የሚገባበት ቦታ ይታይና መሐሉ ይወሰዳል። በፀሐይ ከሆነ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ይተከልና የጥላው ጫፍ ከቀትር በፊትና በኋላ አንድ ክብ የሚነካባቸው ሁለት ነጥቦች ይያዛሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን ይሰጣል።

የትኛውም ቢሆን የሚገኘው መስመር አጭር ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በሦስት ሜትር መስመር ላይ አንድ ሚ.ሜ. መሳት ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል። ሦስት ደቂቃ ማለት እንግዲህ ሦስት ሚ.ሜ. የማይሞላ የቀለም ጭረት ውፍረት ነው። ያ መስመር ወደ 230 ሜትር ሲዘረጋ 20 ሴ.ሜ. ይሆናል። ኮከቡን ከማየት ይልቅ ያዩትን ወደ መሬት አውርዶ ማስረዘሙ ይከብዳል።

አራቱም ጎኖች የሳቱት በአንድ ወገን፣ ከሰሜን ወደ ምዕራብ ነው። አጠገቡ ያለው የካፍሬ ፒራሚድም በዚያው ወገን ስድስት ደቂቃ ገደማ ይስታል። የዘፈቀደ ስህተት ቢሆን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ በሆነ ነበር። በአንድ ወገን መሰባሰቡ ሰሜን የተወሰደው አንድ ጊዜ በአንድ ዘዴ መሆኑንና ሌሎቹ ጎኖች ከእሱ መውጣታቸውን ያመለክታል።

ጎንና ማዕዘን

በፒራሚዱ ሰሜንና ምሥራቅ በኩል፣ ከመሠረቱ መስመር ትንሽ ራቅ ብለው፣ አለቱ ላይ በመደዳ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የችካል ቦታዎች ናቸው። መስመሩ ከሥራው ውጭ መተከሉ አስተዋይነት ነው፤ ትክክለኛው ጠርዝ ላይ ቢተከል ኖሮ ድንጋይ ሲጎተትበት በመጀመሪያው ቀን ይነቀል ነበር። ጠርዙ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ከችካሎቹ መስመር ወደ ውስጥ በዘንግ ይለካል።

ርዝመቱን በገመድ ብቻ መለካት አያዋጣም። ገመድ ሲረጥብና ሲወጠር ይለዋወጣል። የተሻለው የእንጨት ዘንግ ጫፍ ለጫፍ እያገናኙ መሄድ ነው፤ ያም ቢሆን በክንድ 0.2 ሚ.ሜ. የሚያጥር ዘንግ በ440 ክንድ ላይ ወደ 9 ሴ.ሜ. ያሳጥራል። ስለዚህ ለአራቱም ጎን ያው ዘንግ መሥራት አለበት፤ ቢያጥርም አራቱን እኩል ያሳጥራቸዋል፤ ካሬነቱ አይበላሽም።

ለማዕዘኑ ሦስት ዘዴ አለ፦ በስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን በሚያሳይ መሣሪያ)፣ ከሁለት ነጥብ በገመድ ቅስት በማቋረጥ፣ ወይም ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 በሆኑ ሦስት ማዕዘን። የመጨረሻው በየቦታው ይጠቀሳል፤ ከዚያ ዘመን ግን ለዚህ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተረፈም። ስኳድራ ግን እነሱ ነበራቸው፤ ስኳድራም እንደ ባለ ቱንቢው እንጨት ሲገለበጥ ጉድለቱን ራሱ ያጋልጣል። በአንድ ሜትር ክንፍ ላይ የግማሽ ሚ.ሜ. ጉድለት ሳይገለበጥ ከተዘረጋ በ230 ሜትር ላይ ከ11 ሴ.ሜ. በላይ ይሆናል።

በ1925ቱ ልኬት አራቱ ማዕዘኖች እንዲህ ናቸው (ሰከንድ እዚህ የደቂቃ ስድሳኛ ነው)፦ ሰሜን ምዕራብ 89 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፤ ደቡብ ምዕራብ 90 ዲግሪ ከ33 ሰከንድ፤ ሰሜን ምሥራቅ 90 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ፤ ደቡብ ምሥራቅ 89 ዲግሪ ከ56 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ። የምዕራብ ማዕዘኖች ያለ እንከን ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። የምሥራቆቹ ግን አንዱ በሦስት ደቂቃ ሰፍቷል፣ ሌላው በሦስት ደቂቃ ተኩል ጠብቧል።

ይህን ከጎኖቹ ርዝመት ጋር አንድ ላይ ማንበብ ነው። የሰሜኑ ጎን ከ440 ክንድ 13 ሴ.ሜ. ያህል ያጥራል፤ የደቡቡ 7 ሴ.ሜ. ያህል ይረዝማል። የአቅጣጫ ልኬቱም የምሥራቁ ጎን ከሰሜን 5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲስት የምዕራቡ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብቻ እንደሚስት ያሳያል። የሦስት ደቂቃው ልዩነት በ230 ሜትር ላይ ልክ 20 ሴ.ሜ. ነው። ሁሉም ቁጥር ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል፦ ሦስቱ ጎኖች እርስ በርስ ተስማምተዋል፤ አራተኛው፣ የምሥራቁ መስመር፣ መሐሉ ላይ ተይዞ ጫፎቹ የተጠመዘዙ ያህል ነው። ሰያፍ መለካት ቢቻል ኖሮ ይህ ጥምዘዛ በመጀመሪያው ቀን በታየ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። በ2015 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲለካ ከ921 ሜትር ዙሪያ የመጀመሪያው የሽፋን ጠርዝ የተረፈው 54 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ማዕዘኖቹ ራሳቸው የሉም፤ የተገኙት የተረፉትን ቁርጥራጮች በማስረዘም ነው። በመሆኑም ከላይ ያለው ንባብ የቆመው በ1925ቱ ልኬት ላይ ነው፤ ሴንቲ ሜትሮቹንም ከነህዳጋቸው መያዝ ይገባል። ከዚያ በፊት የነበሩ ለኪዎች ደግሞ በማዕዘኖቹ ውጭ አለቱ ላይ የተቆፈሩትን አራት ማስቀመጫዎች የፒራሚዱ ጥግ መስለዋቸው ጎኑን ከአንድ ሜትር በላይ አስረዝመውት ነበር፤ ስንት የቁጥር ቀመር በዚያ ስህተት ላይ ተገንብቶ ቀረ።

ተዳፋቱ

ተዳፋት በዲግሪ አይለካም ነበር። የሚነገረው ለአንድ ክንድ ከፍታ ስንት ጋት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ነው። ለኩፉ 5 ጋት ተኩል ነው፤ 280 ክንድ በ5.5 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል 220 ይመጣል፣ የጎኑ ግማሽ። በዛሬ አነጋገር 51 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ። ይኸው አሰላል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተገለበጠ የሒሳብ ፓፒረስ ላይ በጥያቄ መልክ ይገኛል፦ ጎኑ 360፣ ከፍታው 250 ክንድ ለሆነ ፒራሚድ መልሱ 5 ጋት ከሃያ አምስተኛ ነው።

መሬት ላይ እንዴት እንደዋለ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው መይዱም ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ መቃብር ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ስለነበር በአራቱም ጥግ፣ ከሕንጻው ውጭ፣ የጭቃ ጡብ ግንብ ተሠራ። በግንቡ ላይ በየክንዱ አግድም መስመር ተሰመረ፤ በእነዚያ ላይ የሕንጻው ተዳፋት በቀለም ተሳለ። ግንበኛው መሬቱ የቱንም ያህል ቢዘቀዝቅ ከተሳለው መስመር ጋር በዓይኑ አስተካክሎ ይገነባል። ንድፉ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከሥራው ጎን ቆሟል።

የተዳፋት ትልቁ አደጋ አንዱን ረድፍ ከበታቹ ረድፍ እየለኩ መውጣት ነው። 7 ጋት ቁመትና 5 ጋት ተኩል ወርድ ያለው የእንጨት ቅርጽ፣ ማለትም 52.4 በ41.1 ሴ.ሜ.፣ በወርዱ አንድ ሚ.ሜ. ቢሳሳት ፊቱን በአራት ደቂቃ ያዛባል፤ ጫፍ ላይ 22 ሴ.ሜ. ነው። ስለዚህ ቅርጹ ለአንድ ድንጋይ ይሠራል እንጂ ለሕንጻው አይበቃም። ለሕንጻው የሚበቃው ጠርዞቹን ከታች ከራቀ ቦታ አነጣጥሮ ማየት ነው። የኩፉ ተዳፋት ለዚህ ይመቻል፤ ጠርዙ በሰያፉ 10 ወደ ውስጥ ሲገባ 9 ይወጣል ለማለት ይቻላል። ሠሪዎቹ ይህን ስለመጠቀማቸው የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን ለማረጋገጫ ከዚህ የቀለለ ቁጥር አይገኝም።

የሽፋኑ ድንጋይ

ሽፋኑ ከዓባይ ማዶ ከቱራ የመጣ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ ኤል ጃርፍ የተገኙት ፓፒረሶች 40 ሰው ገደማ የነበረው የአንድ ቡድን አለቃ የያዘውን የሥራ መዝገብ ይዘዋል፤ ቡድኑ ድንጋይ በጀልባ ከቱራ ወደ ጊዛ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልስ ነበር።

በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተደረገው ልኬት በተረፉት የሽፋን ድንጋዮች መካከል ያለውን መገጣጠሚያ በአማካይ ግማሽ ሚ.ሜ. አግኝቶታል፤ ያውም 15 ቶን በሚመዝኑ ድንጋዮች መካከል፣ ስስ ጄሶ ገብቶበት። ጄሶው ማጣበቂያ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው ሲገፋ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

የድንጋይ ገጽ ለጥ ማለቱ የሚታየው በሦስት እኩል አጫጭር እንጨቶች ነው። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይቆማሉ፤ በአናታቸው ላይ ሲባጎ ይወጠራል፤ ሦስተኛው ከሲባጎው ስር እየተንሸራተተ ይሄዳል። እንጨቱ ሲባጎውን ካነሳ ያ ቦታ አብጧል፤ ቀይ ቀለም ይቀባና በመዳብ መሮ ይነሳል። ክፍተት ካለ ጎድጉዷል፤ ያኔ የቀረው ገጽ በሙሉ ወደዚያ ልክ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠራቢ መጀመሪያ ላይ ብዙ ማንሳት የሚፈራው።

ፊቱ የሚጨረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ድንጋዩ ሲቀመጥ የውጭ ገጹ ትርፍ ሥጋ እንደያዘ ይቀራል፤ የተዳፋቱ መስመር ግን በጎኑ ላይ አስቀድሞ ተሰምሮ ጠርዙ እስከዚያ ድረስ ተነስቷል። ሥራው ጫፍ ሲደርስ ጠራቢዎች ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ትርፉን ያነሳሉ። በዚያው በጊዛ ያለው የመንካውሬ ፒራሚድ የታችኛው የግራናይት ሽፋን ሳይጨረስ ስለቀረ ይህ አሠራር ዛሬም እዚያ በግልጽ ይታያል።

ያልተሳካው

መድረኩ፣ ምዕራባዊ ማዕዘኖቹና የሽፋኑ መገጣጠሚያ የታሰበላቸውን ሠርተዋል። ድንጋይን አግድም መደርደሩና አለት ላይ መቆሙም እንዲሁ፤ ፒራሚዱ እንደ ዳህሹሩ አልጎበጠም። አራቱ ጠርዞች ጫፍ ላይ ስለመገናኘታቸው ግን መፍረድ አይቻልም፤ ላይኛው 8 ሜትር ያህል የለም፣ ሽፋኑም በመካከለኛው ዘመን ለካይሮ ሕንጻዎች ተወስዷል። ጠርዝ ሲስት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ካፍሬ ፒራሚድ መሄድ ነው፤ እዚያ የላይኛው ሽፋን ስላለ ጫፉ አካባቢ ትንሽ ጥምዘዛ ይታያል።

ከባዱ ጉድለት ውስጥ ነው። በፒራሚዱ ውስጥ ያለው የንጉሡ የመቃብር ክፍል ጣራ በዘጠኝ የአስዋን ግራናይት አግዳሚዎች ተሸፍኗል፤ ባንድ ላይ 400 ቶን ያህል ይመዝናሉ። አግዳሚዎቹ በደቡብ ጫፋቸው ተሰንጥቀዋል፤ ስንጥቁ የደረሰውም ገና ግንባታው ሳያልቅ ነው፤ በጥንቱ ሠራተኞች እጅ የተለጠፈ ጄሶ ስንጥቁ ላይ ተገኝቷል። የውጭ ልኬት በሴንቲ ሜትር መስተካከሉ የውስጥ ሸክምን አያስተካክልም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የዚህ ቡድን ብርታት የመጀመሪያው ላይ ነበር።

ለዛሬ ሥራ የሚተርፈው

ከሁሉ በፊት የሚወሰደው የልክ ድልድል ነው። ማንኛውም ሥራ ላይ የትኛው ገጽ ሌላውን እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚታይ ተለይቶ ጊዜውና ጥሩው ባለሙያ እዚያ ይመደባል። ቀሪው ሙሌት ነው፤ ሙሌትን ማስዋብ ገንዘብ ማባከን ነው።

የመለኪያ መሣሪያ፣ ውሃ ልክም ሆነ ስኳድራ፣ በየጊዜው ተገልብጦ ይፈተን። ውድ መሣሪያ ሳይገለበጥ ከሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ተገልብጦ ቢሠራ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ስህተቱን ይደብቃል፣ ሁለተኛው ያሳያል። ችካልና መስመር ሁልጊዜ ከቁፋሮውና ከመኪና መንገድ ውጭ ይተከል፤ ልኬትም ከዋናው መስመር ይነሳ እንጂ ከጎረቤቱ ግድግዳ አይነሳ።

መሐል ላይ የማይነሳ ነገር ኖሮ ሰያፍ መለካት ካልተቻለ፣ ከካሬው ውጭ ሁለተኛ ትልቅ ካሬ ማውጣት ወይም እያንዳንዱን ማዕዘን በሁለት በተለያየ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። ሁለት ማዕዘኖች ትክክል ከሆኑ የቀሩት ራሳቸው ይመጣሉ ተብሎ አይተው፤ የኩፉ ምሥራቃዊ ጎን የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስንጥቅ ሲታይ ደግሞ አብሮ መታየት ያለበት መቆሙ ወይም መቀጠሉ ነው። ስንጥቁን አቋርጦ ስስ ጄሶ ይለጠፍ፣ ቀኑ ይጻፍበት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታይ። ጄሶው ራሱ ከተሰነጠቀ ሸክሙ ገና እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ቀለም ቀቢው ሳይሆን መዋቅር የሚያሰላው መሐንዲስ ይጠራ።